ፓሪስ ሁለት ጊዜ የሰማችው ሙዚቃ

የኪነ ጥበብ ሥራ በሕዝብ ፊት በቀረበ ጊዜ ፈራጁ ማን ነው? የባህል ጉዳይ በሚመከርበት መድረክ ሁሉ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ የለም። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን፣ «ተመልካች ያልተቀበለው ሥራ ለተመልካች አልተሠራም፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ታላቅ ሥራ ሁሉ በመጀመሪያ የሚወገዝ ነው፤ ተመልካቹ ካልገባው ጥፋቱ የተመልካቹ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም መልሶች ለተናጋሪው ምቹ ናቸው። የመጀመሪያው አርቲስቱን ከመስማት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡን ከመስማት ያሳርፋልና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት መልሶች በአንድ እውነተኛ ታሪክ መመዘን ነው። ታሪኩ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፈረንሳይና የሩሲያ ሙዚቃ በአንድ ከተማ የተገናኙበት ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሚያዝያ 5 ቀን 1914 በፓሪስ ከተማ፣ ካዚኖ ደ ፓሪ በተባለው አዳራሽ፣ ፒየር ሞንቱ የተባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ መሪ ኦርኬስትራውን ይዞ «የጸደይ ሥርዓት» የተሰኘውን የኢጎር ስትራቪንስኪን ድርሰት አቀረበ። ዳንስ አልነበረም፤ መጋረጃና የመድረክ ሥዕልም አልነበረም። የነበሩት ሙዚቀኞችና አድማጮች ብቻ ናቸው። ሙዚቃው ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የሠላሳ አንድ ዓመቱ ሩሲያዊ ደራሲ በአድናቂዎቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ጎዳና ወጣ።

ይህ አቀባበል የሚያስገርመው ከአሥር ወር በፊት የሆነውን ስናስታውስ ነው። ግንቦት 29 ቀን 1913 በዚያው ከተማ፣ በሻንዜሊዜ ቲያትር፣ ይኸው ሙዚቃ በዚያው ሰው መሪነት ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሙዚቃው የባሌት አጃቢ ነበር። ትርኢቱን ያዘጋጀው የሰርጌይ ዲያጊሌቭ የሩሲያ ባሌት ጓድ ነው፤ እንቅስቃሴውን የቀመረው ቫስላቭ ኒጂንስኪ፣ የመድረኩን ሥዕልና አልባሳቱን የነደፈው ደግሞ የስላቭ ጥንታዊ ባህል አዋቂ የነበረው ኒኮላይ ሬሪክ ነው። በዚያች ምሽት አዳራሹ በሳቅ፣ በፉጨትና በስድብ ተሞላ። ደራሲው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደ። ዳንሰኞቹ ሙዚቃውን መስማት ስላቃታቸው ኒጂንስኪ ከመድረኩ ጥግ ወንበር ላይ ቆሞ ምቱን በጩኸት ይቈጥርላቸው ነበር። ሞንቱ ግን ወደ ኋላው ሳይዞር ድርሰቱን እስከ መጨረሻዋ ምት አድርሶታል። እንግዲህ ከተማው አንድ ነው፤ መሪው አንድ ነው፤ ድርሰቱም አንድ ነው። ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ። በመካከሉ ምን ተለወጠ?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት የሩሲያ ሙዚቃ ፓሪስ እንዴት እንደ ደረሰ በአጭሩ ማየት ይገባል። ኪነ ጥበብ ከታሪክ ሂደት ተነጥሎ በአየር ላይ አይጓዝምና። ፈረንሳይና የዛሩ ሩሲያ በ1894 የጦር ቃል ኪዳናቸውን አጽድቀዋል። የፈረንሳይ ባንኮች ለዛሩ መንግሥት ተከታታይ ብድር ሰጥተዋል፤ በ1905 የተቀጣጠለው አብዮት ዙፋኑን በነቀነቀ ማግስት፣ በ1906 የተሰጠው ታላቅ ብድርም ከእነዚህ አንዱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዲያጊሌቭ የሩሲያን ሙዚቃ በተከታታይ ኮንሰርቶች በፓሪስ ኦፔራ አስደመጠ፤ በ1908 ደግሞ የሙሶርግስኪን «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ከታላቁ ድምፃዊ ከሻልያፒን ጋር አመጣ። ገንዘቡ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ሙዚቃው ወደ ምዕራብ መጣ። ይህን ማወቅ የሙዚቃውን ዋጋ አይቀንስም፤ ነገር ግን የፓሪስ የሎጅ ተመልካች ከሩሲያ የሚጠብቀው ምን እንደ ነበር ያስረዳል። የሚጠብቀው ወርቅ፣ ቀለም፣ ተረትና ውበት ነበር። በ1910 የቀረበው የስትራቪንስኪ «የእሳት ወፍ» ይህን ምኞት ሞላ። በ1911 የቀረበው «ፔትሩሽካ»ም በገበያው ትርምስና በአሻንጉሊቱ ሐዘን ተወደደ። «የጸደይ ሥርዓት» ግን የተጠበቀውን አልሰጠም። በጸጋ ከሚበሩ ዳንሰኞች ይልቅ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው መሬት የሚረግጡ ገበሬዎችን አሳየ።

ተጽዕኖው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አልነበረም። ታላቁ የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ ገና በወጣትነቱ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ የቻይኮቭስኪ ደጋፊ በነበረችው በወይዘሮ ፎን ሜክ ቤት በሙዚቀኛነት ተቀጥሮ ሩሲያን አይቷል። የሙሶርግስኪን ሥራዎችም አጥንቷል። በ1889 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የጃቫን የጋሜላን ሙዚቃ ሰምቶ እጅግ ተደንቋል። ኅብረ ድምፅ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ብቻ መሄድ እንደሌለበት፣ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝትም ሙሉ ዓለም እንደሆነ ከእነዚህ ምንጮች ተምሯል። በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሮ የደቡሲን «ደመናዎች» ሲሰማ፣ በመካከሉ ፍሉትና ሃርፕ አብረው የሚያዜሙትን ባለ አምስት ድምፅ ዜማ እንግዳ አድርጎ አይቈጥረውም። ስትራቪንስኪም በፈንታው ከደቡሲ ብዙ ተምሯል። «የጸደይ ሥርዓት» በመድረክ ከመታየቱ በፊት ሁለቱ ደራሲዎች በአንድ ፒያኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው ድርሰቱን በአራት እጅ ተጫውተውታል።

ደቡሲ ራሱም ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ነበር። «ባሕር» የተሰኘው የኦርኬስትራ ድርሰቱ ጥቅምት 15 ቀን 1905 በካሚል ሸቪያር መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ብዙዎችን አላረካም። ፒየር ላሎ የተባለው ሐያሲ በሙዚቃው ውስጥ ባሕሩን እንዳልሰማ፣ እንዳላየና ሽታውም እንዳልደረሰው ጻፈ። በጥር 1908 ደራሲው ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ ሲያቀርበው ግን አቀባበሉ ተለውጦ ነበር። በ1905 የአድማጩ ጆሮ ነጻ አልነበረም። በአንድ በኩል ደቡሲ ሚስቱን ትቶ ከሌላ ሴት ጋር መኖሩ የፓሪስ ሐሜት ሆኖ ነበር። በሌላ በኩል አድማጩ ርእሱን አንብቦ ሥዕል ሊያይ መጥቷል። ደቡሲ ግን የባሕርን ሥዕል አልሣለም፤ የባሕርን ጠባይ በድምፅ አቀናበረ እንጂ። ሙዚቃው ከኦርኬስትራው ጥልቅ ድምፆች ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይነጋል። በብዙ ክፍል የተከፋፈሉት ቼሎዎች በድንገት አንድ ሰፊ ዜማ ያነሣሉ። አንዱ ሐሳብ ሳያልቅ ሌላው ይደርብበታል። በሦስተኛው ክፍል ነፋስና ባሕር ሲነጋገሩ የሚሰማው ውበት ብቻ አይደለም፤ ሥጋትም አለበት። ይህን ለማድመጥ «ባሕሩ የታለ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ድምፅ ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። አድማጩ ጥያቄውን ለመለወጥ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀበት።

የስትራቪንስኪ ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። ድርሰቱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን «ለምድር ስግደት» እና «መሥዋዕት» በሚሉ ሁለት ክፍሎች ተከፍሏል። መክፈቻው ብቻውን የሚያዜም ባሱን ነው። ባሱን በተፈጥሮው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ቢሆንም፣ ስትራቪንስኪ እስከ ድምፁ ጣሪያ ስለሚያወጣው የጉሮሮ ሲቃ ይመስላል። ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይከተሉታል፤ ከበረዶ በታች የሚነቃ ምድር ነው። ከዚያም የክር መሣሪያዎች ሁለት የሚጋጩ ኅብረ ድምፆችን በአንድነት ይዘው፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ከበሮ ይደልቃሉ። ድለቃው እኩል ነው፤ ጭነቱ ግን እኩል አይደለም። ስምንቱ ሆርኖች የሚያጠብቁት ምት አድማጩ በጠበቀው ቦታ አይመጣም። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ሥርዓት የለም ያሉ ተሳስተዋል። ሥርዓቱ በጣም ጥብቅ ነው፤ ልዩነቱ ሁለትና ሦስት እየሆኑ በሚፈራረቁ ትንንሽ ቁጥሮች ላይ መሠራቱ ነው። በሁለተኛው ክፍል የተመረጠችው ልጅ ከመወደሷ በፊት አሥራ አንድ እኩል ዱላዎች ይወርዳሉ። በመጨረሻም ልጅቱ እስክትሞት የምትደንስበት ክፍል ይመጣል፤ ፍሉቶቹ በአንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ላይ ይሮጡና ኦርኬስትራው አንዴ ወድቆ ያበቃል።

እንግዲህ በሁለቱ ምሽቶች መካከል ምን እንደ ተለወጠ እንመልከት። ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በኒጂንስኪ ዳንስ ላይ ይጥላሉ፤ ዳንሱ ሲነሣ ሙዚቃው ነጻ ወጣ ይላሉ። ይህ አስተያየት ከፊል እውነት አለው። በ1913ቱ ምሽት ጩኸቱ የበረታው መጋረጃው ተከፍቶ ዳንሰኞቹ ከታዩ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ሳቁ የተጀመረው ከዚያ በፊት፣ ገና በመክፈቻው ሙዚቃ ላይ እንደ ነበር በቦታው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ስለዚህ ዐይን ብቻ አልነበረም ያመፀው፤ ጆሮም ነበር። ሌላው ምክንያት የአድማጩ ማንነት ነው። ወደ ሻንዜሊዜ ቲያትር የሄዱት ብዙዎቹ ለመታየትም ጭምር የሄዱ ባለ ጸጎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ለአዲስ ነገር ሁሉ ለማጨብጨብ የተዘጋጁ ወጣት አርቲስቶች ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች ከሙዚቃው ይልቅ እርስ በርሳቸው ተደማመጡ። በካዚኖ ደ ፓሪ የተሰበሰቡት ግን ሊሰሙ የመጡ ናቸው። «ያው ሕዝብ ሐሳቡን ለወጠ» ማለት ስለዚህ ትክክል አይሆንም። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያት ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ትርኢት ኦርኬስትራው 17 ጊዜ ያህል እንደ ተለማመደ ይነገራል። ሙዚቀኞቹ በዚያ ልፋት የተማሩት ቋንቋ ከአሥር ወር በኋላ በጣታቸውና በትንፋሻቸው ውስጥ ነበር። የሚናገረው ሰው ቋንቋውን ሲያውቀው የሚሰማውም ይቀለዋል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። በ1913 ፓሪስ «የጸደይ ሥርዓት»ን ሰምታ አልጣለችውም፤ ሳትሰማው ጣለችው እንጂ። ጩኸት ፍርድ አይደለም፤ ጩኸት የፍርድ እንቅፋት ነው። ጩኸቱም ሁልጊዜ ከሎጅ አይመጣም። ስትራቪንስኪ በገዛ አገሩ ለብዙ ዓመታት በፎርማሊስትነት ሲወገዝ ኖሮ፣ በ1962፣ በሰማንያ ዓመቱ፣ ሶቪየት ኅብረትን ሲጎበኝ በክብር ተቀብለውታል። ከ1914 ወዲህ የትውልድ አገሩን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። በመካከሉ በነበሩት አሥርት ዓመታት የሩሲያ አድማጭ ሙዚቃውን አልጠላውም፤ እንዳይሰማው የተደረገ ነበር። የፓሪስ ፉጨት አንዲት ምሽት ነጠቀ፤ የውግዘት ወረቀት ግን አንድ ትውልድ ሊነጥቅ ይችላል።

የሕዝባዊ ምንጭ ጉዳይም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ለባህል ሥራ ኃላፊነት ላለበት አንባቢ ዋነኛው ጥያቄ ምናልባት ይኸው ነውና። ስትራቪንስኪ በ1911 ወደ ታላሽኪኖ ሄዶ ከሬሪክ ጋር የባሌቱን ዕቅድ አወጣ። በመክፈቻው የሚሰማው የባሱን ዜማ ከታተመ የሊቱዌንያ ሕዝብ ዜማዎች ስብስብ የተወሰደ ነው። ደራሲው በኋላ ዘመኑ ከሕዝብ የወሰደው ይህን አንዱን ብቻ እንደሆነ ቢናገርም፣ ሪቻርድ ታሩስኪንን የመሰሉ ተመራማሪዎች የንድፍ ደብተሩን መርምረው ሌሎችም እንዳሉበት አሳይተዋል። ዋናው ነገር ግን የዜማዎቹ ብዛት አይደለም። ስትራቪንስኪ የሕዝቡን ዜማ ወስዶ የከተማ ልብስ አላለበሰውም፤ የገበሬውን ዜማ በቫዮሊን አለስልሶ ለሳሎን አላቀረበውም። ዜማውን ሰባብሮ አሠራሩን አወጣ፤ ድግግሞሹን፣ የምቱን አለመመጣጠን፣ የድምፁን ሸካራነት ለኦርኬስትራው አስተማረ። ከሕዝብ መውሰድ ማለት ልብሱን መዋስ ብቻ አለመሆኑን ለሚጠይቅ አርቲስት ሁሉ ይህ ሥራ ሕያው ማስረጃ ነው።

እስከዚህ ድረስ የኮንሰርቱን ድል አወድሰናል። ሂስ ግን ድሉ ያስከፈለውንም መቍጠር አለበት። ስትራቪንስኪ ራሱ በ1920 ድርሰቱ ታሪክ የሚተርክ ሳይሆን በድምፅ የተገነባ ሕንፃ እንደሆነ በመግለጽ ከመድረኩ አራቀው። ሙዚቃው በኮንሰርት አዳራሽ እየኖረ ሄደ። የኒጂንስኪ ዳንስ ግን ከአሥር ላነሰ ጊዜ ታይቶ ጠፋ፤ በ1987 ተመራማሪዎች ከሥዕል፣ ከማስታወሻና ከምስክርነት ለቅመው እንደ ገና እስኪያቆሙት ድረስ ሰባ አራት ዓመት ያህል አልነበረም። ከዳንሱ ጋር ምን ጠፋ? ይህን ጥያቄ ለእኔ ያነሣችልኝ አንዲት ተማሪ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቲያትር ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቤ፣ ርእሱንም ታሪኩንም ሳልነግራቸው፣ የድርሰቱን ቅጂ አሰማኋቸው። አንዱ በእርሳሱ ጠረጴዛውን እየመታ ሊከተል ሞከረና ተወው። «መምህር፣ ምቱ አለ፤ ግን እኔ የምጠብቀው ቦታ ላይ አይመጣም» አለ። ሁለተኛ አሰማኋቸው። በዚህ ጊዜ እግሮች ሲንቀሳቀሱ፣ ትከሻዎች ሲነቃነቁ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ጆሯቸው ተከፈተ ብዬ አሰብሁ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ነገርኋቸው፤ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው እንደሚመለከቱ፣ የተመረጠችው ልጅ በመካከላቸው እስክትሞት እንደምትደንስ ገለጽሁ። የመጨረሻውንም ክፍል ደገምሁላቸው። ከኋላ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰች ተማሪ እጇን አነሣች። «መምህር፣ ልጅቷን የገደሏት ሽማግሌዎቹ ናቸው ወይስ እኛ ነን? እግራችን እኮ አብሮ ሲመታ ነበር» አለች።

ለዚህ ጥያቄ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ያለኝ መልስ ከፊል ነው። በ1913 የነበረው ተመልካች ቢያንስ አንድ ነገር በግልጽ አይቷል፤ አንዲት ሴት ልጅ ለማኅበሩ ደኅንነት ተብላ ስትሞት፣ ማንም ሳያለቅስላት አይቷል። ስትራቪንስኪ ለእሷ የሐዘን ዜማ አልጻፈላትም። ምቱ አይራራም፤ የሚያቆመው እሷ ስትወድቅ ብቻ ነው። በ1914 የነበረው አድማጭ ግን ልጅቱን አላያትም። ኃይሉን ሰማ፤ በኃይሉ ተማረከ፤ ደራሲውንም በትከሻው ተሸከመ። ያ ጭብጨባ በተሰማ በአራት ወሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ አውሮፓ ወጣቶቿን በሚሊዮን ወደ ምሽግ ላከች። ሙዚቃው ጦርነቱን ተነበየ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ አባባል ለሐያሲ ቀላል፣ ለታሪክ ግን ሐሰት ነው። የምለው፣ በደስታ እየረገጡ መሥዋዕት የሚቀርበውን ሰው መርሳት የጥንት አረማውያን ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ነው።

ስለዚህ በእኔ ፍርድ ከሁለቱ ምሽቶች አንዳቸውም ሙሉ አልነበሩም። የመጀመሪያው አይቶ አልሰማም፤ ሁለተኛው ሰምቶ አላየም። «የጸደይ ሥርዓት»ን ሙሉ ለሙሉ የሚቀበል አድማጭ፣ ምቱ ሰውነቱን ሲይዘው ልጅቱንም በዐይነ ኅሊናው የሚያይ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ጊዜ ማድመጥ አይገኝም።

በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ፈራጁ ሕዝብ ነው፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ሆኖም ሕዝብ የሚፈርደው ሲሰማ ነው፤ እንዲሰማም ጸጥታ፣ ጊዜና ድግግሞሽ ይገባዋል። በቲያትር ቤቶቻችን ተመልካች የወደደውን ነገር «ይደገም!» ብሎ ይጠይቃል። ያልወደደውንም አንድ ጊዜ «ይደገም» ማለት ቢለምድ ምን ያህል ሥራ ከሞት ይተርፍ ነበር! መምህሩ ለተማሪዎቹ ከፍርዱ በፊት ሥራውን ያሰማ፤ ሁለት ጊዜም ያሰማ። የባህል ኃላፊው የአንዲት ምሽት ፉጨትን የሕዝብ ድምፅ ነው ብሎ መዝገብ ከመዝጋቱ በፊት ቆም ይበል። አርቲስቱም ስለ ተፉጨበት ብቻ ታላቅ ሆንሁ ብሎ አይኩራ፤ ሞንቱና ሙዚቀኞቹ እንዳደረጉት ወደ ልምምዱ ይመለስ። ከሁሉ በላይ ግን ሁላችንም፣ ምቱ በያዘንና እግራችን መርገጥ በጀመረበት ሰዓት፣ ከኋላ የተቀመጠችውን የዚያችን ተማሪ ጥያቄ እናስታውስ።